ለዳታቤዝ ባለሙያው ልጅ ምስጋና፣ ለምትቸገሩም ጥቆማ

የሽያጭ ወይም የሒሳብ ፕሮግራማችሁ እየተንቀራፈፈ ያስመረራችሁ ድርጅቶች ካላችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ የከፈልነው ገንዘብ ለዋለልን ውለታ አይበቃም።

የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሶማሌ ተራ ካለው ሱቃችን ሌላ አዳማ፣ ሀዋሳና ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለን። የየአንዳንዱ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ለየብቻው ሆኖ አንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ሰኔ 30 ሲቃረብ ፕሮግራሙ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ። የአንድ ፍሬን ሸራ ዋጋ እስኪወጣ ደንበኛው ቆሞ ቆሞ ጎረቤት ሱቅ ይገባል።

ከዚያ በፊት ያየነው አበሳ ደግሞ ይለይለታል። አንዱ ሰርቨሩን ከፍቶ ሳያይ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሎ ፕሮፎርማ ይዞ መጣ። ሌላው በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳይዝ «የዳታቤዙን ማውጫ፣ ኢንዴክሱን፣ ላድስ» ብሎ ሽያጩን ቀጥ አደረገው። ሌላው ደግሞ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ዳታቤዞቹ በየሌሊቱ እንዲጨመቁ አድርጎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ለካ ኢንዴክሱን ሲያመሰቃቅል የከረመው ራሱ ጭመቃው ኖሯል! ስማቸውን አልጠራም፤ ስልክ ቢደወልላቸውም አያነሱም።

በዚህ ሁሉ መሐል የተጎዳችው ደንበኛ የምታስተናግደው ልጅ ናት። ቀርፋፋ ተባለች፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈባት።

ይህ የማመሰግነው ባለሙያ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ባክአፕ ነው። አለን ብንለውም አላመነም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ሲከፈት በዓይኑ እስኪያይ ምንም አልነካም። ከዚያ ያደረገውን ግን መቼም አልረሳውም። ከልጅቷ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እህቴ፣ እንደ ወትሮሽ ሥሪ» አላት። የመለዋወጫውን ቁጥር አስገብታ ስትጠብቅ ሰዓት ያዘ። ሥራ አስኪያጁን አስጠርቶ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ «የእርሷ እጅ አልዘገየም፤ የዘገየው ሰርቨሩ ነው» አለ። ልጅቷ አለቀሰች። ደብዳቤው በማግስቱ ከማኅደሯ ወጣ። ማንም አድርግ ሳይለው ነው ይህን ያደረገው!

ሥራውን ቅዳሜ ማታ፣ ሱቆቹ ሁሉ ከተዘጉ በኋላ ጀመረ። ኢንዴክስ ማለት መዝገብ ቤት ውስጥ ማኅደር የሚፈለግበት ቁጥር ነው፣ ሲመሰቃቀል ፈላጊው ሲዞር ይውላል ብሎ አስረዳኝ። ኦላ ሃለንግሬን የተባለ ስዊድናዊ ባለሙያ ጽፎ በነጻ የለቀቀው ስክሪፕት (ኮምፒውተሩ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ጽሑፍ) አለ፤ በአንድ ትእዛዝ ዳታቤዞቹን ተራ በተራ ያዳርሳል። መበታተኑ ከ5 በመቶ በታች የሆነውን ኢንዴክስ ይተወዋል፣ እስከ 30 የደረሰውን ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ያለፈውን እንደ አዲስ ይሠራዋል። ከዚህ ወዲያ ያለው አልገባኝም፤ ሙያው የእርሱ ነው። ጭመቃውን አስቆመ። ስታቲስቲክስ የሚሉትን፣ ዳታቤዙ የፍለጋ መንገዱን የሚመርጥበትን መረጃም አብሮ አደሰና «ፍጥነቱን የመለሰው ከኢንዴክሱ ይልቅ ይህ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ሥራውን እንኳ ማጋነን የማይወድ ሰው! እኛ የለመድነው ሌላ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ቁጥሩን አስገብታ ዋጋው ወዲያው ሲመጣላት ዘወር ብላ አየችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ሰኔ 30 ሒሳቡን ዘግቼ በጊዜ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ደነገጠ። ሌላ ጊዜ በሰኔ መጨረሻ ከእኩለ ሌሊት በፊት አይቶኝ አያውቅም።

አዲስ ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ እርሱን ጥሩት። ክፍያው ከዚያ ፕሮፎርማ ጋር አይወዳደርም። በሥራ ቀን የራሱ መሥሪያ ቤት ስላለ የሚመጣው ማታና ቅዳሜና እሑድ ነው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ባክአፕ ሳትይዙ ግን አትጥሩት፤ አይጀምርላችሁም።