አየርላንዳዊ ቅድመ አያትን ለመፈለግ፦ የደብር መዝገብ ወይስ ዲኤንኤ?

እ.ኤ.አ. በ1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የደብሊኑ ቤተ መዛግብት ጋየ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችም አብዛኞቹ አብረው ነደዱ። የካቶሊክ መዝገቦች የተረፉት በየደብሩ፣ በቄሶቹ እጅ ስለነበሩ ነው። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ምስላቸውን በ2015 በነጻ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ አብዛኛው እስከ 1880 ገደማ ይደርሳል።

የክርስትና መዝገቡ ላይ ሕፃኑ፣ አባትየው፣ እናትየው ከነአባቷ ቤት ስም፣ ከዚያም የክርስትና አባትና እናት ይገኛሉ። እነዚህን የመጨረሻዎቹን እንዳትዘሏቸው! ብዙ ጊዜ አጎት ወይም አክስት ሆነው ይገኛሉ። ጽሑፉ ግን የደበዘዘ፣ አንዳንዴም በላቲን ነው። በምዕራቡ ክፍል ደግሞ ብዙው መዝገብ ከ1820ዎቹ ወዲህ ነው የሚጀምረው። ደብሩን ካላወቃችሁ ይህን በአየርላንድ በጣም የተለመደ ስም የያዘውን ስንቱን ፓትሪክ መርፊ ታጣራላችሁ?

ዲኤንኤ ደብር አይጠይቅም፤ ምራቅ ለመርማሪ ድርጅት ትልካላችሁ፣ እዚያው ከተመረመሩት ሰዎች መካከል የሥጋ ዘመድ ዝርዝር ይመጣል። ዘመዱ በየትኛው ቅድመ አያት በኩል እንደሆነ ግን አይናገርም። የአያት አያት የሚጋሩ ሰዎች እንኳ አንዳንዴ ምንም የጋራ ዲኤንኤ ላይኖራቸው ይችላል። አብሮ የሚመጣው፣ የዘር ምንጫችሁን በመቶኛ የሚያሳየው ባለ ቀለም ካርታ ለወሬ ካልሆነ አይረባም።

ደብሩ ከታወቀ ለምርመራ ገንዘብ አታውጡ። ሰውየው በ1847፣ በአየርላንዱ ታላቅ ረሃብ ዘመን፣ ቦስተን ገብቶ የትውልድ ቦታው «አየርላንድ» ተብሎ ብቻ ከተመዘገበ ግን ዲኤንኤው ይቅደም፤ እዚያው አየርላንድ የቀረ አንድ ዘመድ ከተገኘ፣ የትኛውን ደብር መዝገብ መክፈት እንዳለባችሁ የእሱ ቤተሰብ ይጠቁማል።