ጀጎልን በእግር፣ ከጀጎል ልጅ ጋር

ሐረር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ነበር። በሁለት ሰዓት ውስጥ አምስት ቦታ አሯሯጡን፣ ፎቶ አስነሱን፣ ማታ ጅብ አሳዩንና በነጋታው ወደ ድሬዳዋ ተመለስን። ያኔ ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን የሐረር ከተማ፣ ያየሁ መስሎኝ ነበር። አላየሁም።

ዘንድሮ ግን ግንቡ ውስጥ ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ በእግሬ ዞርኩ። አቦ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው!

የገባነው መኪና በሚያስገባው በሐረር በር ነው። ልጁ ወዲያው "ይሄ ከነባሮቹ አይደለም" አለኝ። ነባሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ አረንጓዴ የተቀባው መቃብራቸውም እዚያው ጀጎል ውስጥ ነው። በ48 ሄክታር ላይ 82 መስጊድ አለ። ቁጥሩን ድሮም አንብቤዋለሁ፣ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ እየሄድክ በየእጥፋቱ አንድ ትንሽ ነጭ መስጊድ ብቅ ሲልብህ ነው የሚገባህ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው ያለምክንያት አይደለም።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የወረድነው ማኪና ግርግር በሚሉት ጠባብ መንገድ ነው። ስሙ ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን እየረገጡ ይሰፋሉ፣ ጨርቁ ከደጃፉ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዱ ሰፊ የቀሚስ ጠርዝ እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት። ያኛው ድርጅት ቢሆን ይሄኔ "ቶሎ በሉ" ይለን ነበር።

ራምቦ ቤት በቀለም መስታወቱና በጣሪያው ሥዕል ያምራል። ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ስሙ የተሰጠው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም እዚያ አልኖረበትም፤ ልጁ ይህን ሳይደብቅ ነገረኝ፣ ደስ አለኝ። የድሮ ፎቶዎቹን ለማየት ግን ግቡ።

የቀኑ ዋና ነገር ጌይ ጋር ነው፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት። ጫማ አውልቀን ገባን። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው፤ የቤቱ እናት በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ያለቁትን ለማሰብ ነው አሉን። መደቦቹን ነደባ ይሏቸዋል፣ ከፍታቸው የተለያየ ሲሆን ሁሉም የየራሱ ስምና ባለቤት አለው። እኔ ሳላውቅ ለአባወራው ወደሚሆነው አሚር ነደባ ሳመራ ልጁ በቀስታ ክንዴን ያዘኝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት፣ ሰሃንና የእንጨት ገበታ ነው፤ እናትየው ከስፌቶቹ አንዱን አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ በጣም ቀላል ነው፣ ስንደዶው ግን ጥብቅ ከማለቱ የተነሳ ጣቴ ክፍተት አላገኘም። አዲስ ሙሽሮች የሚገቡባትን ጠባብ ክፍል፣ ኪርታትንም፣ አሳዩን። እዚያ ቤት አንድ ሰዓት ተቀመጥን። እንዲህ ያለ ደጅ የሚከፈትላችሁ ሰፈሩ ከሚያውቀው ሰው ጋር ስትሄዱ ነው።

ጉድለት አልጠፋም። ምሳ ሰዓት ላይ ሙዚየም ዝግ ሆኖ ጠበቀንና ፀሐይ ላይ ቆምን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው ጫት ላይ ስለሚቀመጥ ከተማው ቀዝቀዝ ይላል፣ ስለዚህ ጠዋቱን አታባክኑት። ሒሳቡን መጀመሪያ ተነጋገሩ። ድንጋዩ ያንሸራትታልና ጫማም አስቡበት።

ጅቡን ማታ አየሁ፣ ያው ነው፣ ያስደነግጣል። እኔን የነካኝ ግን ቀን ልጁ ጎንበስ ብሎ ከግንቡ ግርጌ ያሳየኝ ቀዳዳ ነው። ዋራባ ኑዱል ይሉታል፣ የጅብ ቀዳዳ። ጅቦቹ ማታ ማታ በዚያ ገብተው የከተማውን ጥራጊ ይበላሉ። በመጀመሪያው ጉዞዬ አጠገቡ አልፌ ይሆናል፣ ማንም አላሳየኝም።