ስምንት ወር በኤስኤስዲ ካሽ፦ ለሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ያዋጣል?

ካሽ ያልነው ጥሬ ብሩን አይደለም። ከጎተራው ለዕለት የሚበቃውን ጤፍ ወደ ጓዳ እንደ ማምጣት ነው፦ ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ፊት ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ይቀመጥና ደጋግሞ የሚነበበው እሱ ላይ ይቆያል። የስቱዲዮው ማሽን ያለው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ተጭኖበታል፣ ካሹን የሚያስተዳድረው ኤልቪኤም የተባለው ዲስኮችን አጣምሮ የሚያከፋፍል የሊኑክስ መሣሪያ ነው።

ጥቅሙ የሚታየው በትንንሽ ፋይል ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ መቶ ገደማ የተበታተነ ንባብ ቢችል ነው፤ ርካሹ ኤስኤስዲ እንኳ አሥር ሺዎችን ይችላል። የአልበም ፎልደር ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት ምስሎቹ ወዲያው ይደረደራሉ። የመጀመሪያው መክፈት ግን ያው እንደ ድሮው ነው። የጥር ሰርግ ቀረጻ ከካሜራ ካርድ ሲገለበጥም ለውጥ አይጠበቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ካርዱ ራሱ ነው።

አገጣጠሙ አራት ትእዛዝ ነው፦ ፒቪክሪኤት (ኤስኤስዲውን ለኤልቪኤም ያዘጋጃል)፣ ቪጂኤክስቴንድ (ከሃርድ ዲስኩ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ያስገባዋል)፣ ኤልቪክሪኤት (ካሹን ይፈጥራል)፣ ኤልቪኮንቨርት (ካሹን ከሃርድ ዲስኩ ጋር ያያይዛል)። ሦስተኛው ላይ የኤስኤስዲው ስም መጨረሻ ላይ ካልተጻፈ ኤልቪኤም ካሹን እዚያው ሃርድ ዲስኩ ላይ ሊፈጥረው ይችላል። ለካሹ 200 ጊጋባይት ሰጥቶ ቀሪውን ባዶ መተው ለኤስኤስዲው ዕድሜ ይበጃል።

ዋናው ውሳኔ የአጻጻፍ ስልቱ ነው። ራይትባክ መጀመሪያ ኤስኤስዲው ላይ ብቻ ይጽፋል፤ ፈጣን ነው፣ ግን ኤስኤስዲው ከሞተ ወደ ሃርድ ዲስኩ ያልተላለፈው አብሮት ይጠፋል። ራይትስሩ ሁለቱም ላይ እስኪጻፍ ይጠብቃል። የደንበኛ ሰርግ ድጋሚ አይቀረጽምና ምርጫው ራይትስሩ ነው። በዚህም ቢሆን ኤስኤስዲው ሲበላሽ ቮልዩሙ (ሃርድ ዲስኩና ካሹ ተጣምረው የሆኑት ማከማቻ) በራሱ አይነሳም፤ ኤልቪኮንቨርትን በአንካሽ (uncache) እና በፎርስ (force) አማራጮች አዝዞ ካሹን መንቀል ያስፈልጋል። ይህን ወረቀት ላይ ጽፎ ማሽኑ ላይ መለጠፍ ነው።

የመብራት ነገር ሌላ ጣጣ አለው። ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ከጠፋ፣ ሲነሳ ካሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስኩ ያልተጻፈ ተብሎ ይቆጠራል፤ እንደ ገና ተጽፎ እስኪያልቅ ዲስኩ ሲንገጫገጭ ይቆያል፣ ሥራም ይጎተታል። ጥፋቱ የዲስኩ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ) ከኤስኤስዲው በፊት መገዛት ነበረበት።

ሥራው በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰርግ ብቻ ከሆነ ካሹ ቀርቶ ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ገዝቶ የያዙትን ፕሮጀክት በእጅ እሱ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ካሽ የሚያዋጣው ሦስት አራት ኤዲተር አንዱን ማኅደር ሲጋራ ነው።