የእርሳስ ሽርጥ፣ የቢስሙዝ መከለያና "ሕዋስ ጠባቂ" ክኒን፦ ለታካሚ የቱ ይረባል?

በራጅ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ የሚታየው ሽርጥ አብዛኛውን ጊዜ 0.25 ወይም 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ (ከባዱ ብረት) ያህል ጨረር ይከልላል። ለባለሙያው፣ ወይም ልጅ ደግፎ ለሚቆም ወላጅ፣ ክርክር የሌለበት ዕቃ ነው፤ ባለ 0.5ው ከታካሚው ገላ ተበትኖ የሚመጣውን ጨረር ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል።

ለታካሚው ራሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሚነሳው ቦታ ውጭ ያለው አካል የሚያገኘው ጨረር በአመዛኙ በሰውነት ውስጥ ተበትኖ የሚደርሰው ነው፤ ሽርጡ ደግሞ ከቆዳ በላይ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2019 የመራቢያ አካልንና ፅንስን በእርሳስ መሸፈን እንደ መደበኛ አሠራር ይቅር ያለው አንድም ለዚህ ነው። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የአንገት መከለያውንም ሽርጡንም አያስፈልጉም ብሏል።

"ባይጠቅምም አይጎዳም" የሚለው አባባል ነው ብዙውን የሚያሳስተው። የዳሌ ራጅ ሲነሳ መከለያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የአውቶማቲክ መቆጣጠሪያውን መለኪያ (በቂ ጨረር ሲደርሰው ማሽኑን የሚያስቆመውን) ከሸፈነ፣ ማሽኑ በቂ ጨረር አልደረሰኝም ብሎ መልቀቁን ይቀጥላል። ሊጠበቅ የታሰበው ሰው ጭራሽ የበለጠ ይቀበላል። አጥንቱን ከጋረደ ደግሞ ምስሉ እንደገና ይነሳል፣ የሚቀበለው የጨረር መጠንም እጥፍ ይሆናል።

ለሲቲ (ሰውነትን ዙሪያውን በራጅ ለሚቃኝ ምርመራ) የሚሸጠው፣ ቢስሙዝ ከተባለ ብረት የተሠራው የጡት መከለያ ከሁሉም ደካማው ነው። ከመነሻው የቅኝት ምስል በፊት ከተደረገ ማሽኑ ወፍራም ሰው መስሎት ከረንቱን (የጨረሩን ብዛት የሚወስነውን ኤሌክትሪክ) ከፍ ያደርጋል። በኋላ ቢደረግም ከጀርባ በኩል ገብቶ ምስሉን የሚሠራውን ጨረር ይበላል፤ ምስሉም ጭረት በጭረት ይሆናል። ከረንቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ያለ ምንም ዕቃ ያንኑ ያስገኛል።

ሕዋስን ከጨረር ይጠብቃል የሚባለው ክኒንስ? ራጅ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሰብሮ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጥራል፤ ይህም ዲኤንኤውን ለመምታት ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ስለዚህ ከምርመራ በኋላ የሚዋጥ አንቲኦክሲዳንት (እንዲህ ያለውን ቅንጣት የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር) ይህን ራዲካል አይደርስበትም። ቀድሞ የተዋጠም ቢሆን ካንሰር እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም።

የሚሠራው ነገር አይሸጥም፦ ኮሊሜተሩን (የጨረሩን ስፋት የሚወስነውን የማሽኑን ክፍል) የሚፈለገው ቦታ ድረስ ማጥበብ፣ ለልጅ በልጅ ልክ የተዘጋጀ የማሽን አሠራር (ፕሮቶኮል) መጠቀም፣ የጀርባ አጥንት መጣመም ሲመረመር ጨረሩ ከኋላ ወደ ፊት እንዲያልፍ ማድረግ (ጡት ላይ የሚደርሰው በብዙ ይቀንሳል)። መጠኑንም ማወቅ ነው፤ አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ከተፈጥሮ የሚደርሰን በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ነው። የሆድ ሲቲ ግን ወደ 10 ይጠጋል፤ ጥያቄ ማንሳት ያለብን እዚያ ነው።

ሽርጥ ለሠራተኛ የሚገዛ ደግሞ አያጣጥፈው፣ ወንበር ላይም አይወርውረው፤ የታጠፈበት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ያለው ጨርቅ ግን ደህና ይመስላል። በወፍራም መስቀያ ይሰቀል፣ በዓመት አንዴም በፍሎሮስኮፒ (ምስሉን ወዲያው በስክሪን በሚያሳይ ራጅ) ይታይ፤ ስንጥቁ በስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል።