ጀርመንኛን በላቴክ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ጀርመንኛ ጽሑፍ በላቴክ፣ ማለትም ከትእዛዞች ጋር የተተየበን ጽሑፍ ወደ ገጽ በሚቀይረው ፕሮግራም፣ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ነፃ ነው፤ የሚያወጣው ገጽም ያምራል። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሚያስቸግሩት ፊደሎቹ ናቸው፦ ኡምላውት የሚባሉት፣ ሁለት ነጥብ የተደረበባቸው ኤ፣ ኦ እና ዩ፣ እንዲሁም ኤስዜት (ß)።

ደግነቱ በቀጥታ መተየብ ይቻላል። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ላቴክ ፋይሉን የሚያነበው በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በባይት በሚያስቀምጠው ኢንኮዲንግ ነው። የቆየ ቴምፕሌት ከተሰጣችሁ ግን ከላይ ያሉትን ትእዛዞች እዩ። ላቲን-1 የሚል (የድሮ ኢንኮዲንግ ነው) መስመር ካለ አንዱ ኡምላውት ሁለት እንግዳ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ኡምላውት በዩቲኤፍ-8 2 ባይት ይይዛል፤ ላቲን-1 ደግሞ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል። መስመሩን ማጥፋት ነው፣ አለቀ።

ዋናው ጣጣ ለዓይን የማይታየው ነው። ፒዲኤፉ ሲከፈት ሁሉም ልክ ይመስላል። ቃሉን ስትፈልጉት ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኮፒ ሲደረግም ነጥቦቹ ከፊደሉ ተነጥለው ይመጣሉ። ፒዲኤፍላቴክ፣ ማለትም ፒዲኤፍ የሚያወጣው የተለመደው የላቴክ ዓይነት፣ ካልተነገረው በቀር ዛሬም ኦቲ1 የተባለውን፣ 128 ቦታ ብቻ ያለውን የድሮ የፎንት ኢንኮዲንግ (ፎንቱ ውስጥ የትኛው ፊደል የት እንዳለ የሚወስን ሰንጠረዥ) ይጠቀማል። እዚያ ውስጥ ኡምላውት ስለሌለ ነጥቦቹን ፊደሉ ላይ ይለጥፋቸዋል። ኤስዜት ግን የራሱ ቦታ አለው፣ ደህና ይወጣል። ሰው የሚደናገረውም ለዚህ ነው። ይባስ ብሎ፣ ነጥብ የተለጠፈበትን ቃል መስመር መጨረሻ ላይ በደንብ መክፈል ያቅተዋል። እንደ ጀርመንኛ ላለ ቃለ ረጅም ቋንቋ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ቃሉ ህዳጉን አልፎ ይሄዳል።

መፍትሔው የፎንት ኢንኮዲንጉን ኡምላውት ወዳለበት ቲ1 መቀየር ነው። ላቲን ሞደርን ፎንትንም ጨምሩበት፤ አለዚያ ስክሪን ላይ ፊደሉ ሊደበዝዝ ይችላል። ላቴክን ከጽሑፉ ቋንቋ ጋር በሚያስማማው ባቤል ፓኬጅ ደግሞ ኤንጀርመን (ngerman) የሚለውን ምረጡ። ያለ ኤን ከሆነ ከ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የአጻጻፍ ማሻሻያ በፊት የነበረውን ሥርዓት ይከተላል። ባቤል አንድ አመል አለው፦ ተራው ድርብ ጥቅስ ምልክት ኤ ፊት ከገባ ሁለቱን አዋህዶ ኡምላውት ያደርጋቸዋል። ጥቅሱ ጠፍቶ ቃሉ ተበላሽቶ ስታዩት ያስቃል፣ ያናድዳልም። ለጥቅስ ሲኤስኮትስ የተባለውን ፓኬጅ ብትጠቀሙ ይሻላል።

ሌላው እልኸኛ ስህተት ዩኒኮድ 0308 (ብቻውን የቆመው የሁለቱ ነጥብ ኮድ) አልታወቀም የሚለው ነው። ከፋይል ስም ወይም ከሌላ ፒዲኤፍ ኮፒ የተደረገ ኡምላውት አንዳንዴ ፊደልና ነጥብ ለየብቻ ሆኖ ይመጣል። ኤዲተሩ ላይ ግን አንድ ፊደል መስሎ ስለሚታይ ስህተቱን አፍጥጣችሁ ብታዩም አታገኙትም። አጥፍቶ በእጅ መተየብ ይፈታዋል።

አሁን አዲስ ሥራ የምጀምረው ሉዋላቴክ በተባለው ሌላ የላቴክ ዓይነት ነው። ዩኒኮድን ከሥሩ ስለሚያውቅ ቲ1 አያስፈልገውም። ዘገምተኛ ነው፤ ረጅም ሰነድ ላይ በደንብ ይታወቃል። ለማጣቀሻ ዝርዝር ባይበር የተባለውን ፕሮግራም ጨምሬበታለሁ፤ በኡምላውት የሚጀምሩ ስሞችን በጀርመንኛ ተራ ይደረድራቸዋል። አሳታሚው የግድ በፒዲኤፍላቴክ ካለ ግን ወደ ቲ1 እመለሳለሁ፤ ከማስረከቤ በፊትም ፒዲኤፉ ውስጥ ኡምላውት ያለበት ቃል ፈልጌ አያለሁ።