«የዕድሜ ልክ» ቪፒኤን ከመግዛታችሁ በፊት

«አንዴ ከፍላችሁ ዕድሜ ልክ ተጠቀሙ» የሚሉ የቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ኮምፒውተር በኩል አሳልፎ አድራሻችሁን የሚደብቅ መተግበሪያ) ማስታወቂያዎች በዝተዋል። ዋጋቸው ያጓጓል። እኔም አንዱን ገዛሁ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለት ዓይነት አድራሻ አለ። አሮጌው አይፒ ቪ4 በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ነው። ጠቅላላ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ ዓለም አቀፉ ክምችት በ2011 እ.ኤ.አ. አልቋል። አዲሱ አይፒ ቪ6 ረዘም ይላል፤ ቁጥርና ፊደል ተደባልቆበት በሁለት ነጥብ (:) ይከፋፈላል። ሁለቱ በቀጥታ አይነጋገሩም። ስለዚህ ብዙ መስመሮች ለስልካችሁ ሁለቱንም ይሰጡታል፤ ስልኩም ከተቻለ አዲሱን ያስቀድማል።

የገዛሁት ቪፒኤን የሚሸፍነው አሮጌውን ብቻ ነው። አዲሱን አያሳልፈውም፣ አያግደውምም። ፌስቡክና ዩቲዩብ ደግሞ አዲሱን ይቀበላሉ። በቃ፣ በጎን ሾልካችሁ በራሳችሁ አድራሻ ትገባላችሁ። ስክሪኑ ግን አረንጓዴ አብርቶ «ተጠብቀዋል» ይላል። ያበሸቀኝ ይሄ ነው። ጭራሽ አልገናኝም ቢል እኮ ሰው ያውቀዋል! በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም ሲታገዱ ያገኘነውን ሁሉ ስንጭን የምንጠይቀው «ይከፍታል ወይ?» ብቻ ነበር።

መፈተሹ ቀላል ነው። ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ የአይፒ አድራሻችሁን የሚያሳይ ገጽ ክፈቱ፤ ከዚያ አብርታችሁ ድገሙት። ባለ ሁለት ነጥቡ አድራሻ እንደነበረ ከቆየ ቪፒኤኑ አድራሻችሁን ያሾልካል። መጀመሪያውኑ ካልታየ ግን መስመራችሁ አይፒ ቪ6 የለውም ማለት ነው፤ ሙከራው ምንም አይነግራችሁም። አሜሪካ ወይም ጀርመን ያላችሁ ግን አዲሱን አድራሻ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ስለሆነ በደንብ እዩት።

ለሻጩ ስጽፍለት «አይፒ ቪ6ን ከስልክዎ ያጥፉት» አለኝ። አይፎን ላይ እንዲህ ያለ ማጥፊያ የለም። ገንዘቤን ስጠይቅ ደግሞ «የዕድሜ ልክ ጥቅል ተመላሽ የለውም» ተባልኩ። ለካ ውሉ ግርጌ በደቃቃ ፊደል ተጽፏል።

ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «አይፒ ቪ6ን ታሳልፋላችሁ ወይስ ታግዳላችሁ?» ከሁለቱ አንዱን በግልጽ ከመለሱ ጥሩ፣ ያም ቢሆን ፈትሹት። «ሁሉንም ስልክ እንደግፋለን» ካሏችሁ ግን ጥያቄውን ሸሽተዋል፤ ሌላ ፈልጉ።