የትናንት ወሬ በተዋናይ፣ የጥንት ታሪክ በጋዜጠኛ

«ዘ ማርች ኦፍ ታይም» እና «ዩ አር ዴር» ሁለቱም የአሜሪካ የድሮ ሬዲዮ ድራማዎች ናቸው፤ ሁለቱም ዜና ይመስላሉ። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

«ዘ ማርች ኦፍ ታይም» እ.ኤ.አ. በ1931 ጀመረ። ከጀርባው የታይም መጽሔት ሰዎች ነበሩ። የሰሞኑን ወሬ ይወስዱና ተዋንያን የባለሥልጣናቱን ድምፅ እያስመሰሉ ይተውኑታል። ዝነኛው ተዋናይ ኦርሰን ዌልስም እዚያ ሠርቷል። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ድምፅ ቁጭ አድርገው ስላስመሰሉት ዋይት ሐውስ «በቃችሁ» እስከማለት ደርሷል። እኔ ብሆንም እላለሁ! ሰውየው ያለው የቱ ነው፣ ተዋናዩ ያለው የቱ?

በ1947 የሬዲዮ ጣቢያው ሲቢኤስ የጀመረው፣ ኋላ «ዩ አር ዴር» የተባለው ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ታሪኩ የጥንት፣ ዘጋቢዎቹ ግን የጣቢያው እውነተኛ ጋዜጠኞች። ፕሬዚዳንት ሊንከን በተተኮሰበት ምሽት ፎርድ ቲያትር ውስጥ ሆነው «በቀጥታ» ያስተላልፋሉ። በ1865 ሬዲዮ የት ነበርና? ግን ማን ይጠይቃል! ሶቅራጥስ መርዝ ሲጠጣም ዘጋቢ አለ።

ጉልበቱ ያለው ድምፁ ላይ ነው። ከዘጋቢዎቹ አንዱ ጆን ዴሊ ነው። በታኅሣሥ 1941 ጃፓን በአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር በፐርል ሃርበር ላይ ያደረሰችውን ጥቃት በሲቢኤስ ለሕዝብ ያረዳው እሱ ነበር። ያንን መርዶ የሰማ ጆሮ፣ ያው ድምፅ የጥንቱን ነገር «አሁን እየሆነ ነው» ሲለው ልቡ ሳይደነግጥ አይቀርም።

«ዩ አር ዴር» በ1953 ወደ ቴሌቪዥን ሄዶ ጋዜጠኛው ዋልተር ክሮንካይት መራው። ለእኔ ግን ሬዲዮው ይበልጣል፤ ቲያትሩን፣ ጫጫታውን፣ ሩጫውን ራስህ ነህ የምትሥለው። ለጀማሪ የሊንከኑን እመርጣለሁ።